ምርጡን ተጫዋች ወይስ የጎደለውን ቦታ? ስለ ኤንኤፍኤል ድራፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚያዝያ በመጣ ቁጥር በአሜሪካ ፉትቦል ተከታታዮች መካከል አንድ የቆየ ክርክር ይነሳል። ቡድኑ ተራው ሲደርስ ካሉት ሁሉ የሚበልጠውን ተጫዋች ይውሰድ ወይስ የጎደለበትን ቦታ ይሙላ? በዋሽንግተን፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስና በአትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይም እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆቻቸው፣ በዚህ ክርክር ከማንም ባላነሰ ይሳተፋሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት ደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለጀማሪ፦ ድራፍት ምንድን ነው?

የኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ አሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ወደ ኤንኤፍኤል፣ የሚገቡበት የምርጫ ሥርዓት ነው። 32 ቡድኖች በ7 ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስመዘገበው ቀድሞ ይመርጣል፤ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈው የዙሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ድራፍት የተካሄደው በ1936 ሲሆን ሐሳቡን ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። በዚያን ዘመን ገንዘብ ያላቸው ቡድኖች ጎበዝ ጎበዙን እየጠራረጉ ይወስዱ ስለነበር ደካሞቹ ከዓመት ዓመት ደካማ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች በትክክል ምንና ምን ናቸው?

የመጀመሪያው መንገድ “ምርጡን ውሰድ” ይላል። ቡድኑ ለወራት ያዘጋጀው የደረጃ ሰሌዳ አለው፤ ተራው ሲደርስ በሰሌዳው አናት ላይ ያልተወሰደ ማን አለ ብሎ ያያል፣ ቦታው ምንም ይሁን ምን ያንን ይጠራል። ሁለተኛው መንገድ “የጎደለህን ሙላ” ይላል። ባለፈው ዓመት ኳርተርባኩን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች፣ የሚጠብቅለት አጥቶ ሲንገላታ የከረመ ቡድን፣ ከላይ ሌላ ሰው ቢኖርም እንኳ ጠባቂ ይወስዳል።

በንጹሕ መልኩ አንዱን ብቻ የሚከተል ቡድን የለም። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱ ሲጋጩ፣ ቡድኑ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ነው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወደ ምርጡ ማድላት ይሻላል። ምክንያቱም በሚያዝያ የሚታየው ክፍተት የአንድ ወቅት ክፍተት ነው፤ ተጫዋቹ የሚፈርመው ውል ግን የ4 ዓመት ነው።

ቡድኔ ግልጽ ክፍተት እያለበት ለምን ሞልቶ ለተረፈ ቦታ ተጫዋች ይመርጣል?

ለዚህ ከ1996ቱ የባልቲሞር ሬቨንስ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ቡድኑ ከክሊቭላንድ ወደ ባልቲሞር የተዛወረው በዚያው ዓመት ነበር። ሬቨንስ በሚለው ስም የመጀመሪያውን ድራፍት ሲያካሂድ 4ኛው ምርጫ በእጁ ነበር። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ረኒንግ ባክ ያስፈልገው ነበር፤ የኔብራስካው ሎውረንስ ፊሊፕስ ደግሞ ገና አልተወሰደም። ባለቤቱ አርት ሞዴል ልቡ ፊሊፕስ ላይ ነበር። የተጫዋቾች ምርጫ ኃላፊው ኦዚ ኒውሰም ግን ሰሌዳውን ሲያይ ከላይ ያለው የዩሲኤልኤው ጆናታን ኦግደን ነው። ኦግደን የሚጫወተው በግራ ታክል፣ ማለትም ኳርተርባኩ ዞሮ በማያየው ወገን የሚመጣበትን ተከላካይ በሚያግደው ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ቡድኑ ቶኒ ጆንስ የሚባል የበሰለ ተጫዋች ነበረው። ከጉድለት አንጻር ሲታይ ኦግደንን መውሰድ ትርፍ ነገር ነበር።

ኒውሰም ኦግደንን ወሰደ። ለመጀመሪያው ዓመት ቦታ ስላልነበረው ኦግደን በግራ ጋርድ፣ ከጆንስ ጎን ተሰልፎ ተጫወተ። በ1997 ጆንስ በልውውጥ ወደ ዴንቨር ሄደ፣ ኦግደንም ወደ ትክክለኛ ቦታው ተሻገረ። በቦታው አሥራ አንድ ዓመት ቆየ፤ በ2013 የስፖርቱ ታላላቆች የሚዘከሩበት የታላላቆች አዳራሽ ገባ። ፊሊፕስን በ6ኛው ምርጫ የወሰዱት ሴንት ሉዊስ ራምስ ግን በሁለተኛው የውድድር ዘመኑ ሳይጨርሱ አሰናበቱት።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው የጊዜው አጭርነት ነው። “ትርፍ” የተባለው ተጫዋች በአንድ ዓመት ውስጥ የማይተካ ሆነ። ሬቨንስ በዚያው ዙር በ26ኛው ምርጫ ላይንባከሩን፣ ማለትም ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚከላከለውን፣ ሬይ ሉዊስን አከሉ፤ እሱም የታላላቆች አዳራሽ ገባ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዙር፣ ሁለት የታላላቆች አዳራሽ ሰዎች! ቡድኑ በ2001 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ጃያንትስን 34 ለ 7 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ሲያነሳ ሁለቱም ምሰሶዎቹ ነበሩ።

ክፍተትን መሙላት ታዲያ ስህተት ነው?

ክፍተትን ማየት ስህተት አይደለም። ስህተቱ ክፍተቱ የተጫዋቹን ዋጋ እንዲያጋንነው መፍቀድ ነው። በጣም የሚያስፈልገንን ነገር ስናይ ከሆነው በላይ ጥሩ መስሎ ይታየናል፤ ለዓመታት ኳርተርባክ ያጣ ቡድን ይህ ፈተና ይበረታበታል።

የ2011 ድራፍት ይህንን በግልጽ ያሳያል። ቴነሲ ታይታንስ በ8ኛው ምርጫ ጄክ ሎከርን፣ ጃክሰንቪል ጃጓርስ ከ16ኛ ወደ 10ኛ ከፍ ብለው ብሌን ጋበርትን፣ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በ12ኛው ክርስቲያን ፖንደርን ወሰዱ። ሦስቱም ኳርተርባኮች ናቸው፤ ሦስቱም ቡድኖች አዲስ ኳርተርባክ ይፈልጉ ነበር። በመካከል፣ በ11ኛው ምርጫ፣ ሂውስተን ቴክሳንስ የተከላካይ ክፍሉን ጄጄ ዋትን ጠሩ። ዋት ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። የ2015 የውድድር ዘመን ሲጀምር ከሦስቱ ኳርተርባኮች አንዱም በመረጠው ቡድን ውስጥ አልነበረም። ሎከርማ በ26 ዓመቱ ጫማውን ሰቅሎ ነበር። ክፍተቱ አልተሞላም፤ ምርጫውም ባከነ።

“ምርጥ” የሚባለው በምን ይለካል? ሰሌዳው እንዴት ይዘጋጃል?

ተጫዋች መልማዮች በመኸር ወራት ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞሩ ጨዋታዎችን ያያሉ፤ ቪዲዮዎችን ደጋግመው ይመረምራሉ። በአሜሪካ የብርድ ወራት የኮሌጅ ተመራቂዎች የሚጋጠሙበት የሲኒየር ቦውል ጨዋታ በሞቢል፣ አላባማ ይካሄዳል። ከዚያም በኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን የሚባለው ፈተና አለ፤ የ40 ያርድ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ቃለ መጠይቅ፣ እንዲሁም የሕክምና ምርመራ። ካሜራው ሩጫው ላይ ቢያተኩርም ለቡድኖቹ ከሁሉ የሚከብደው የሐኪሞቹ ዘገባ ነው። በጉልበቱ ወይም በትከሻው ምክንያት ከሰሌዳው የሚወርድ ጎበዝ በየዓመቱ አለ።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ ይሰጠዋል። ብዙ ተመልካች የማያስተውለው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው ከ1 እስከ 200 ቀጥ ብሎ የተደረደረ መሰላል አይደለም፤ በእርከን የተከፈለ ነው። በአንድ እርከን ውስጥ ያሉት አምስት ወይም ስድስት ተጫዋቾች ልዩነታቸው ከመልማዮቹ የግምት ስህተት ያነሰ ነው። እንግዲህ ተራው ሲደርስ በላይኛው እርከን አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ከሆነ እሱን መውሰድ ነው፤ ቦታው አያከራክርም። በአንድ እርከን አንድ ታክል፣ አንድ ላይንባከርና አንድ ኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዮችን የሚከላከል) ተርፈው ከሆነ ግን ቡድኑ የጎደለውን ይመርጣል፤ እኩል ናቸውና የሚያጣው የለም። ከአንድ እርከን ወርዶ የጎደለውን መፈለግ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

ሁሉም ቦታ እኩል ዋጋ አለው?

የለውም። በአንድ ጨዋታ ላይ ያለው ተጽዕኖና በገበያው ላይ የሚከፈለው ደመወዝ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። በላይ ኳርተርባኩ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ኳርተርባኩን የሚያሳድዱ፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቁና ኳሱን የሚቀበሉ ናቸው። ረኒንግ ባክ ዝቅ ይላል።

የኒው ዮርክ ጃያንትስ የ2018 ምርጫ ለዚህ ያስተምራል። ኳርተርባካቸው ኢላይ ማኒንግ 37 ዓመቱ ነበር። በ2ኛው ምርጫ ረኒንግ ባኩን ሴኮን ባርክሊን ወሰዱ። ባርክሊ ድንቅ ተጫዋች ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቱም የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። ይሁን እንጂ በዙሪያው ቡድን አልነበረም። በ7ኛው ምርጫ ኳርተርባኩ ጆሽ አለን ወደ ቡፋሎ፣ በ32ኛው ኳርተርባኩ ላማር ጃክሰን ወደ ባልቲሞር ሄዱ። ጃያንትስ በ2024 ባርክሊን ለቀቁት፤ እሱም ጠንካራ የጠባቂዎች መስመር ወዳለው ፊላደልፊያ ሄዶ በዚያው ዓመት 2,005 ያርድ ሮጠ፣ ሱፐር ቦውልንም አነሳ። ጃያንትስ ስለ ተጫዋቹ ችሎታ አልተሳሳቱም። የሳቱት ቦታውን ነው።

ኳርተርባክ ያለው ቡድን ለምን ሌላ ኳርተርባክ ይመርጣል?

ምክንያቱም ካለው በላይ የሚያስፈልገው ቀን ሳያስበው ይመጣል። ግሪን ቤይ ፓከርስ በ2005 ብሬት ፋቭር እያለላቸው አሮን ሮጀርስ እስከ 24ኛው ምርጫ ሲወርድ ጊዜ ሳያመነቱ ወሰዱት። ሮጀርስ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ተማረ፤ በ2008 ተረከበ፤ በ2011 መጀመሪያ ሱፐር ቦውልን አመጣላቸው። በ2017 ደግሞ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ባለፈው የውድድር ዘመን 11 ጨዋታ ያሸነፈ ኳርተርባክ፣ አሌክስ ስሚዝ፣ ነበራቸው። እንዲያም ሆኖ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ለመውጣት የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ጨምረው ለቡፋሎ ከፈሉና ፓትሪክ ማሆምስን ወሰዱ። እሱም ሱፐር ቦውልን ደጋግሞ አመጣላቸው። አሌክስ ስሚዝ ራሱ በ2005 ከሮጀርስ በፊት አንደኛ የተመረጠው ሰው ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢዎች የቀረበው ምሳሌ የ2012ቱ ነው። የዋሽንግተን ቡድን 2ኛውን ምርጫ ለማግኘት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለራምስ ሰጥቶ ሮበርት ግሪፈንን መረጠ። በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛው ምርጫ፣ ሌላ ኳርተርባክ ኪርክ ከዚንስን ጠራ። ብዙ ደጋፊ ተቆጣ፤ ያን ሁሉ ከፍለን ካመጣነው ልጅ ጀርባ ሌላ ምን ያደርጋል ተባለ። በ2013 መጀመሪያ ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የግሪፈን ጉልበት ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከዚንስ በ2015 ቋሚ ሆኖ ቡድኑን የምድቡ አሸናፊ አደረገ።

ያው ከዚንስ በ2024 በታሪኩ ሌላኛ ጎን ቆመ። አትላንታ ፋልከንስ በመጋቢት ወር የ4 ዓመት፣ የ180 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረሙት፤ ከሳምንታት በኋላ በ8ኛው ምርጫ ሌላ ኳርተርባክ፣ ማይክል ፔኒክስን፣ ጠሩ። ብዙ ተንታኝ አበዱ አለ። በታኅሣሥ ከዚንስ ከቋሚነት ወርዶ ፔኒክስ ተረከበ። እኔ በፋልከንስ ላይ ያለኝ ቅሬታ በፔኒክስ ምርጫ ላይ አይደለም፤ ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ ጸደይ ማድረጋቸው ላይ ነው። ምርጡን ለመውሰድ የሚያስብ ቡድን አስቀድሞ ለዚያው ቦታ ያን ያህል ገንዘብ አያፈስም።

ምርጡን እንወስዳለን ብሎ አንድ ቦታ ላይ መከመርስ?

የዲትሮይት ላይንስ ታሪክ እዚህ ይነሳል። በ2003 በ2ኛው ምርጫ ቻርልስ ሮጀርስን፣ በ2004 በ7ኛው ሮይ ዊሊያምስን፣ በ2005 በ10ኛው ማይክ ዊሊያምስን መረጡ። ሦስቱም ኳስ ተቀባዮች ናቸው። ከማይክ ዊሊያምስ ቀጥሎ የተጠራው ዴማርከስ ዌር ዳላስ ገብቶ ከዘመኑ አስፈሪ ኳርተርባክ አሳዳጆች አንዱ ሆነ። ላይንስ በ2008 አሥራ ስድስቱንም ጨዋታዎች ተሸነፉ፤ እስከዚያ ድረስ በ16 ጨዋታ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር።

ይህ የምርጡን መንገድ ያፈርሰዋል? አያፈርሰውም። በ2007 በ2ኛው ምርጫ እንደገና ኳስ ተቀባይ ካልቪን ጆንሰንን ወሰዱና እሱ የታላላቆች አዳራሽ ገባ። ችግሩ ቦታውን መደጋገማቸው ብቻ ሳይሆን ሰዎቹን በትክክል አለመመዘናቸው ነው። ሰሌዳው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ሰሌዳውን በታማኝነት መከተል አያድንም።

ቤንጋልስ በ2021 ቼስን ወይስ ሱውልን? ማን ትክክል ነበር?

ይህ ከክርክሮቹ ሁሉ ጣፋጩ ነው። የሲንሲናቲው ኳርተርባክ ጆ በሮው በኅዳር 2020፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተበጠሰ። የሚጠብቀው መስመር ወንፊት እንደነበር ሁሉም አይቷል። በሚያዝያ 5ኛው ምርጫ ሲደርስ የኦሪገኑ ታክል ፔናይ ሱውል አለ፤ በሮው በኮሌጅ ኳስ ያቀብለው የነበረው ጃማር ቼስም አለ። ክፍተቱ ሱውል ሱውል ይላል። ቤንጋልስ ቼስን መረጡ፤ ሱውል በ7ኛው ወደ ዲትሮይት ሄደ።

ቼስ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,455 ያርድ አግኝቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ፤ ቡድኑም ሱፐር ቦውል ደረሰ። ሆኖም በሮው በዚያ የፍጻሜ ጨዋታ ኳሱን ሳይወረውር ሰባት ጊዜ መሬት ላይ ተጣለ፤ ራምስም 23 ለ 20 አሸነፉ። ክፍተቱ በራሱ አልጠፋም ነበር፤ ቆይቶ በከፋው ሰዓት ሂሳቡን ጠየቀ። ሱውል ደግሞ በዲትሮይት ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ሆነ።

የኔ ፍርድ ቼስን መውሰዳቸው ትክክል ነበር የሚል ነው። ስህተቱ መስመሩን በሌላ መንገድ ቶሎ አለመጠገናቸው ነው። በቀጣዩ መጋቢት ሦስት የመስመር ተጫዋቾችን ከገበያ ገዙ፤ አንድ ዓመት ቀድመው ቢያደርጉት ኖሮ ዋንጫው ሲንሲናቲ ሊገባ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የነፃ ተጫዋቾች ገበያ ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

ወሳኝ ግንኙነት አለው። ገበያው የሚከፈተው በመጋቢት፣ ድራፍቱ የሚካሄደው በሚያዝያ ነው። ዘመናዊ ሥራ አስኪያጆች ክፍተታቸውን በመካከለኛ ዋጋ በመጋቢት ይደፍናሉ፤ የሚገዙት ሰው ኮከብ ባይሆንም በቦታው መቆም ከቻለ ይበቃል። ያኔ በሚያዝያ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ማንም አያስገድዳቸውም። ባል ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሚስት ወጥ ቤት ሆና ጤፍ አልቋል ስትለው ወደ ገበያ የሮጠ ሰው የተጠየቀውን ዋጋ ይከፍላል፤ ጎተራው ውስጥ ትንሽም ቢሆን ያለው ግን ተደራድሮ ይገዛል።

ገንዘቡም ወደዚያው ይገፋል። ከ2011 ጀምሮ የአዲስ ተመራጮች ደመወዝ በተራቸው ልክ የተወሰነ ነው። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር፤ በ2011 አንደኛው ካም ኒውተን 22 ሚሊዮን። በድራፍት የተገኘ ኮከብ ለ4 ዓመት በርካሽ ይጫወታል፤ የደመወዝ ጣሪያ ባለበት ሊግ ደግሞ ያ ትርፍ ሌላ ሦስት ክፍተት ይሞላል።

ምርጡም ክፍተቱም ካልገጠመስ?

ተራውን መሸጥ ይቻላል። የዳላሱ አሰልጣኝ ጂሚ ጆንሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቁት የነጥብ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ምርጫ ዋጋ ይሰጣል፤ አንደኛው 3,000፣ 32ኛው 590 ነጥብ ነው። ዛሬ ብዙ ቡድኖች የራሳቸውን ሠንጠረዥ ቢሠሩም ሐሳቡ ያው ነው። ወደ ኋላ ወርዶ ተጨማሪ ምርጫ መቀበል፣ የሚፈለገው ሰው ከትክክለኛ ዋጋው ጋር እንዲገጥም ያደርጋል።

አንዳንዴ መዘግየትም አይጎዳም። በ2003 ቫይኪንግስ በ7ኛው ተራቸው ልውውጥ ሲደራደሩ ሰዓቱ አለቀባቸው፤ ሁለት ቡድኖች ቀድመዋቸው መረጡ። በ9ኛው ላይ ከመጀመሪያው ይፈልጉት የነበረውን ኬቨን ዊሊያምስን አገኙት።

በመጨረሻዎቹ ዙሮችስ?

ከአራተኛው ዙር በታች ክርክሩ ይለዝባል። አንድ የተለየ ችሎታ ያለው፣ ወይም በልዩ የኳስ ምት ቡድኖች ውስጥ የሚሮጥ ሰው ማግኘት ይበቃል። ቢሆንም ኒው ኢንግላንድ በ2000 ድሩ ብሌድሶ እያላቸው በ199ኛው ምርጫ ኋላ ሱፐር ቦውልን ደጋግሞ ያነሳውን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲን ወስደው በዚያ ዓመት አራት ኳርተርባክ ይዘው መቆየታቸውን መርሳት አይገባም።

እግር ኳስ ውስጥ ይህ ክርክር ለምን የለም?

በእግር ኳስ በአብዛኛው ዓለም ክለቦች ተጫዋች የሚያገኙት ከራሳቸው ታዳጊዎችና ከዝውውር ገበያ ስለሆነ የጎደላቸውን ሄደው ይገዛሉ፤ ተራ አይጠብቁም። በቅርጫት ኳስ ግን አለ። ፖርትላንድ በ1984 በ2ኛው ምርጫ ረጅሙን ሳም ቦዊን የወሰደው በማይክል ጆርዳን ቦታ ክላይድ ድሬክስለር ስለነበረው ነው። አምስት ሰው ብቻ በሚሰለፍበት ስፖርት አንድ ኮከብ ማለፍ ከፉትቦል የበለጠ ይጎዳል።

የቡድኔን ምርጫ መቼ ልፍረድ?

በማግሥቱ ጋዜጦች የሚሰጡትን ውጤት አይመኑ። በምሽቱ ሊታዩ የሚችሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በቦታው ያለው ነባር ተጫዋች ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ እና ከቡድኑ በኋላ በቀጣዮቹ አምስት ምርጫዎች እነማን እንደተጠሩ። የቀረው ጊዜ ይፈልጋል። ፓከርስ በ2020 ለሮጀርስ ኳስ ተቀባይ ይፈለጋል ሲባል ወደ 26ኛ ወጥተው ኳርተርባክ ጆርዳን ላቭን ሲወስዱ ደጋፊው ተናደደ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሮጀርስ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሲባል ቁጣው ትክክል መሰለ። በ2023 ሮጀርስ ሄደ፤ ላቭ ተረክቦ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን ጥሎ ማለፍ አስገባ፣ ዳላስ ላይም 48 ለ 32 አሸነፈ።

ለመጀመሪያ ዙር ተመራጮች ቡድኑ ራሱ የሚናገርበት ቀን አለ። ሦስተኛው የውድድር ዘመን ካለቀ በኋላ በጸደይ፣ የውሉን አምስተኛ ዓመት ለማጽደቅ ወይም ለመተው መወሰን አለበት። ያንን ውሳኔ ይጠብቁ፤ ሥራ አስኪያጁ በምርጫው ምሽት ለጋዜጠኞች ከተናገረው ይልቅ እውነቱን የሚነግርዎት እሱ ነው።